ልጄ መላምቷ «ስለተሳሳተ» ውጤቱን ልትቀያይር ነው፤ ምን ልበላት?

የአራተኛ ክፍል እናት (ቱሉ ዲምቱ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። በአካባቢ ሳይንስ የሁለት ሳምንት የቤት ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር። ጥያቄው «ዕፅዋት ለማደግ ብርሃን ያስፈልጋቸዋልን?» የሚል ነው። መላምት ይጽፋሉ፣ ይሞክራሉ፣ ያዩትን ይመዘግባሉ፤ ሰኞ ያስረክባሉ።

መላምቷን ራሷ ነች የጻፈችው፤ «ብርሃን ያገኘው ባቄላ ይረዝማል፣ ጨለማ ውስጥ ያለው አጭር ይሆናል» ብላ። ሁለት ባዶ የእርጎ ኩባያ አጥበን በእያንዳንዱ አንድ አንድ ባቄላ ተከልን። አንዱን መስኮት ላይ፣ ሌላውን ቁም ሳጥን ውስጥ አኖርን። ዛሬ 13ኛው ቀን ነው። በማስመሪያዋ ለካች። የመስኮቱ 6 ሴንቲ ሜትር፣ የቁም ሳጥኑ 17 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

አለቀሰች። ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ኩባያዎቹ ላይ የለጠፈቻቸውን ወረቀቶች ስትልጥ አየኋት። «መስኮት» የሚለውን ወደ ቁም ሳጥኑ፣ «ቁም ሳጥን» የሚለውን ወደ መስኮቱ ልታዛውር ነው። «እማዬ፣ መላምቴ ስህተት ከሆነ ኤክስ ነው የማገኘው» አለችኝ። አምና የጓደኛዋ ደብተር ላይ እንዲያ ሆኖ አይታለች።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሥራዬ ሒሳቡ አልገጥም ሲል ምክንያቱን እንፈልጋለን እንጂ ቁጥሩን አንነካም። ይህን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ደግሞስ ጨለማ ውስጥ ያለው ለምን በለጠ?


ጡረታ ላይ ያለ መምህር (አስኮ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡50

እህቴ፣ በመጀመሪያ ወረቀቶቹን ወደ ቦታቸው መልሷቸው። ይህን ዛሬውኑ፣ ልጅቱ ሳትተኛ አድርጉት። ሌላው ሁሉ ነገ ይደርሳል።

ስለ ባቄላው ከመናገሬ በፊት ጥቂት ልጠይቅሽ። የሁለቱ ኩባያዎች አፈር ከአንድ ቦታ የመጣ ነው? ውኃውን በምን እየለካችሁ ነበር የምታጠጡት? ቁም ሳጥኑ ከምን አጠገብ ነው? ባቄላዎቹስ ከአንድ ዕቃ የወጡ ናቸው? ሳትሸሽጊ እንደሆነው ንገሪኝ፤ ማንም የሚወቅስሽ የለም።


የአራተኛ ክፍል እናት (ቱሉ ዲምቱ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡15

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቶቹን አብረን መልሰን ለጥፈናቸዋል።

የመስኮቱ አፈር ከአበባ ሻጮች የገዛሁት፣ ፍግ ያለበት ነው። ለሁለተኛው ኩባያ ስላልበቃ ከብሎካችን ጀርባ መሠረት ከተቆፈረበት ቦታ መረሬ አፈር ዘግኜ መጣሁ። የመስኮቱን ልጄ በየጠዋቱ በቡና ሲኒ ታጠጣው ነበር። የቁም ሳጥኑን የማጠጣው እኔ ነበርኩ፤ ትዝ ሲለኝ፣ ምናልባት በሦስት ቀን አንዴ። ቁም ሳጥኑ ከኩሽናው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ምድጃው ያሞቀዋል። መስኮቱ ደግሞ ሌሊት ነፋስ ያስገባል፤ የኅዳርን ብርድ እዚህ ሜዳ ላይ የሚኖር ያውቀዋል። ባቄላዎቹ ብቻ ከአንድ ጣሳ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያስተዋልኩት አሁን ስጽፈው ነው።


ጡረታ ላይ ያለ መምህር (አስኮ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

እንግዲህ አብረን እንቁጠር። ለመለወጥ ያሰባችሁት አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ብርሃን። የተለወጠው ግን አራት ነው፤ ብርሃኑ፣ አፈሩ፣ ውኃው፣ ሙቀቱ። ታዲያ ባቄላው የረዘመው በየትኛው ምክንያት ነው? ማንም መናገር አይችልም። የመስኮቱ በልጦ ቢገኝም መናገር አይቻልም ነበር። ይህችን አጥብቀሽ ንገሪያት፤ የሙከራው ጉድለት ውጤቱ ደስ ስላላላት የመጣ አይደለም፣ ደስ ቢላትም ጉድለቱ እዚያው ነበር።

በክፍል ውስጥ በሩጫ ነበር የማስረዳው። ሁለት ልጆች አስነሳና «ከሁለቱ ማን ይፈጥናል?» እላለሁ። አንዱን ከትምህርት ቤቱ በር ቁልቁል አስሮጠዋለሁ፣ ሌላውን ዳገቱን ሽቅብ። ገና ሳይጨርሱ ክፍሉ በሙሉ «አድልዎ ነው!» እያለ ይጮኻል። ልጆች አድልዎን ከማንም በፊት ያውቃሉ። ከዚያ «ለሯጮቹ የጮኻችሁትን ያህል ለባቄላውም ጩኹለት» እላቸዋለሁ። ፍትሐዊ ሙከራ ማለት ይኸው ነው። የምለውጠው አንድ፣ የምለካው የታወቀ፣ የቀረው ሁሉ እኩል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ባቄላ ምስክር አይሆንም። የተከላችሁት ነቀዝ ውስጡን የበላው ቢሆንስ? በየጎኑ ቢያንስ አምስት፣ ቢቻል አሥር ይሁን። አንዱ ቢታመም ሌሎቹ ይመሰክራሉ።


ሁለት ልጅ የማስተምር አባት (ለገጣፎ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

መምህርን አከብራለሁ፤ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ።

ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሥራው የሚሰጠው ሰኞ ነው፤ ውጤቱ በሰርተፊኬቷ ላይ ይገባል። ያየችውን ጽፋ ኤክስ ብታገኝ ምን ትማራለች? እውነት መጻፍ እንደሚያስቀጣ ነው የምትማረው። እሱ ደግሞ ወረቀት ከማዛወር የባሰ ትምህርት ነው። ስህተቱ የልጅቱ አይደለም፤ «መላምትሽ ተሳስቷል» ብሎ ነጥብ የሚቀንስ አሠራር ነው ስህተቱ። ታዲያ እሱ እስኪስተካከል ድረስ ዋጋውን የምትከፍለው ለምን እሷ ትሆናለች? የእኔ ልጅ ብትሆን እንደ መጽሐፉ ጽፋ እንድትሰጥ አደርግና እውነቱን እቤት አስረዳታለሁ።


የላብራቶሪ ባለሙያ (ሰበታ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡30

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከልብ የመነጨ ነው። እኔም የደረሰብኝን ልንገርህ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን ውኃ አፍልተን ሙቀቱን እንድንለካ ታዘዝን። ቴርሞ ሜትሩ 92 ላይ ደርሶ ቆመ። ብንጠብቅ፣ እሳቱን ብንጨምር ከዚያ አላለፈም። መምህራችን መጥተው አዩና «ውኃ የሚፈላው በ100 ነው፤ ይህ ዕቃ ተበላሽቷል፤ 100 ብላችሁ ጻፉ» አሉን። ጻፍን። ሁላችንም ሙሉ ነጥብ አገኘን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ በተስተካከለ ቴርሞ ሜትር ስለካ 92 ሆነ። ዕቃው ደኅና ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላይ የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። 100 የሚሆነው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ጅቡቲ ወደብ። እንጦጦ ጫፍ ወጥተህ ብትለካው ወደ 90 ይወርዳል። ሽምብራና ባቄላ እዚህ አገር ለመንፈር ረጅም ጊዜ የሚፈጁት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ውኃው እየተንተከተከ ቢታይም ሙቀቱ አነስ ያለ ነው።

እዚያች ክፍል ውስጥ የነበርን ልጆች የምንኖርበት አገር ከፍታ የሚናገረውን ቁጥር በዓይናችን አይተን በላጲስ አጠፋነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ነው። ነጥቡን ማንም አያስታውሰውም።

ለእናትየው የምለው፤ ልጅሽን ብቻዋን አትላኪያት። ሰኞ ጠዋት አብረሻት ሂጂ፤ ለመምህሯ በአክብሮት «ውጤቱ ከመላምቷ ጋር አልተስማማም፤ ያየችውን ግን እንዳለ ጽፋለች» በያቸው። ልጁ እውነት ሲጽፍ ከጎኑ ትልቅ ሰው ይቁም፤ የአባትየውም ስጋት በዚህ የሚቃለል ይመስለኛል።


የግብርና ባለሙያ (ሰንዳፋ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ስለ ባቄላው እኔ ልናገር። አፈሩና ውኃው እኩል ቢሆንም እንኳ የጨለማው ሊረዝም ይችል ነበር። ይህ የታወቀ ጠባይ ነው።

ባቄላ ሲከካ ለሁለት ይሰነጠቃል። እነዚያ ሁለት ክኮች ለቡቃያው የተቋጠሩ ስንቅ ናቸው። ቡቃያው መጀመሪያ የሚያድገው በዚህ ስንቅ ነው፤ ስለዚህ ለመብቀል ብርሃን አይጠይቅም። እርሻ ላይ ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ አይደል የሚበቅለው? እዚያ ምን ብርሃን አለ? ከአፈር ወጥቶ ብርሃን ሲያገኝ መመዘዙን ይገታና ግንዱን ያደነድናል፣ ቅጠሉን ይዘረጋል፣ ይለመልማል። ብርሃን ካጣ ግን ገና አፈር ውስጥ ያለ ይመስል ያለውን ስንቅ ሁሉ ቁመት ላይ ያፈሳል። ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ብርሃን ፍለጋ ነው።

አሁን ልጅሽን ይህን ጠይቂያት፤ የቁም ሳጥኑ ቀለሙ ምን ይመስላል? ቅጠሉስ ምን ያህላል? ግንዱን በሁለት ጣት ይዛ ከመስኮቱ ጋር ታወዳድረው። ሳላየው የምገምተው ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ያዘነበለ፣ ቅጠሉ ያልተዘረጋ፣ ግንዱ ቀጭንና ልፍስፍስ መሆኑን ነው። ስንቁ ሲያልቅ ይወድቃል።


የአራተኛ ክፍል እናት (ቱሉ ዲምቱ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡10

እንዳሉት ነው! ሄዳ አየችው። «እማዬ፣ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ቅጠሉ የጉንዳን ጆሮ ያህላል» አለች። ጉንዳን ጆሮ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ እንደተናገረችው ነው የጻፍኩት። የመስኮቱ አጭር ቢሆንም ስድስት ቅጠል አለው፤ አረንጓዴ ነው። 13 ቀን ሙሉ ከቁመት በቀር ምንም አላየንም ነበር።


ሁለት ልጅ የማስተምር አባት (ለገጣፎ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡45

ይህን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። እንዲህ ከሆነ «ዕፅዋት ለማደግ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል» የሚለው የመጽሐፉ መልስ ትክክል ነው ወይስ ስህተት?


የግብርና ባለሙያ (ሰንዳፋ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ትክክል ነው። የተሳሳተው መለኪያው ነው። «ማደግ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ቁመት ብቻ ከሆነ ጨለማው አሸነፈ። ማደግ ግን አካል መጨመር ነው።

ጥሩ ሚዛን ያለው ሰው እንዲህ ያድርግ። ከመትከሉ በፊት አሥር ደረቅ ባቄላ ይመዝን። ጨለማ ውስጥ ሦስት ሳምንት ካደጉ በኋላ ከነሥራቸውና ከነክካቸው ነቅሎ፣ አፈሩን አጥቦ፣ እስኪሰባበሩ ድረስ አድርቆ እንደገና ይመዝናቸው። ያ ሁሉ ቁመት ኖሯቸው ክብደታቸው ሲተከሉ ከነበረው ያንሳል፤ ስንቃቸውን እየበሉ ነበርና። ብርሃን ያገኙት ግን ውለው አድረው ከዘሩ በላይ ይመዝናሉ። ውኃው ስለሚያታልል ነው አድርቁ የምለው።

ስለዚህ ልጆች ከመጀመራቸው በፊት «ምንድን ነው የምለካው?» የሚለውን ይወስኑ። ቁመትን፣ የቅጠል ብዛትን፣ ቀለምን ሦስቱንም ቢመዘግቡ ደግሞ የተሻለ ነው።


እንጀራ አቅራቢ (ሱሉልታ)
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡00

ለሳይንስ ትምህርት ሩቅ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ነገር ግን መምህሩ «የምለውጠው አንድ» ያሉት እኔን ከኪሳራ አውጥቶኛል፤ ያኔ ስሙን አላውቀውም ነበር።

ከየካ ወደ ሱሉልታ ቤት ስቀይር እንጀራዬ ዓይን አልሠራ አለ። ድፍን ብሎ ይቀራል። ደንበኞቼ መመለስ ጀመሩ። ጤፍ ሻጩ አታሎኛል ብዬ ጤፉን ቀየርኩ፤ በዚያው ቀን እርሾውንም ከጎረቤት አመጣሁ፤ ውኃውንም ከቧንቧ ወደ ጉድጓድ ለወጥኩ። አንዳንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንዳንድ ቀን ይብስበታል። ምኑ እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ነክቼው ምኑን ልወቅ?

በመጨረሻ እናቴ መጣችና «አንድ ቡኮ አቡኪና ለሁለት ክፈዪው» አለችኝ። ያው ጤፍ፣ ያው እርሾ፣ ያው ውኃ፣ እኩል ባልዲ። አንዱን እንደ ልማዴ በረንዳ ላይ ተውኩት፤ ሌላውን ምጣዱ ካለበት ቤት አስገባሁት። በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም በአንድ ምጣድ ጋገርኳቸው። የውስጡ ዓይኑ እንደ ወንፊት ሆነ፤ የበረንዳው ገና አልቦካም ነበር። ብርዱ ነበር እንጂ ጤፍ ሻጩ ምንም አላደረገኝም። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።

አንድ ጊዜ አይቼ አላመንኩም፤ ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ።


ጡረታ ላይ ያለ መምህር (አስኮ)
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡25

እመቤቴ፣ እናትሽ ታላቅ መርማሪ ናቸው። በተለይ ቡኮውን አንድ ላይ አቡክቶ ለሁለት መክፈል! ሁለት ጊዜ ለየብቻ ብታቦኪ ኖሮ ሳታውቂው አንዱ ሊቀጥን፣ ሌላው ሊወፍር ይችል ነበር። ሦስት ጊዜ መድገምሽን ደግሞ ልጆች ሁሉ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።


የሦስት ልጆች አያት (ገላን)
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡10

አንድ ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልፈለግሁም። ምርመራ ሁሉ ሙከራ ነው ወይ? የልጅ ልጄ ግቢያችን ውስጥ ዱላ ተክሎ ከሚያዝያ ጀምሮ በየሳምንቱ እሑድ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያደርጋል። በክረምት ፀሐይ ስትገኝ ጥላው ወደ ደቡብ ነበር፤ አሁን ወደ ሰሜን ዞሯል። የሚያነበው መጽሐፍ ግን የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ ይናገራል። መምህሩ «አንዱን ለውጠህ ሌላውን እኩል አላደረግህም፤ ስለዚህ ሳይንስ አይደለም» አሉት። ልጁ ቅር ብሎታል።


የላብራቶሪ ባለሙያ (ሰበታ)
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡35

አባባ፣ ልጁ ያደረገው ንጹሕ ሳይንስ ነው። ፀሐይን ማን ይዞ ሊለውጣት ይችላል? ልንለውጠው የማንችለውን በትዕግሥት ማየትና መመዝገብም ምርመራ ነው። ሥነ ፈለክ አብዛኛው እንዲህ ነው የተሠራው። እርሱም የራሱ ፍትሐዊነት አለው፤ ያው ዱላ፣ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት። ልጁ ሦስቱንም ጠብቋል።

ያየውም ትክክል ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀትር ከእኛ በስተሰሜን ታልፋለች፤ ስለዚህ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። መጽሐፉ የሚናገረው ከእኛ ይልቅ ወደ ሰሜን ርቀው ላሉ አገሮች ነው። ጠጠሮቹን እንዳያነሳቸው ንገሩልኝ፤ ዓመቱ ይሙላ።


የአምስተኛ ክፍል መምህርት (ኮዬ ፈጬ)
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

በመምህራን በኩል ያለውን ልናገር። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። ላብራቶሪ የለንም። «መላምቱ ትክክል ነው/አይደለም» ብሎ ማረም ይቀላል፤ ሙከራው ፍትሐዊ መሆኑን መመርመር ግን እያንዳንዱን ደብተር ማንበብ ይጠይቃል። ይህን የምለው ችግሩ የት እንዳለ እንዲታወቅ ነው፤ ለማመካኘት አይደለም። እኔ ራሴ መላምቱ ላይ ኤክስ አድርጌ አውቃለሁ፤ ከእንግዲህ አላደርግም።

ያለ ላብራቶሪ ምን ይሠራል ለሚለው ደግሞ በእጄ ያለውን ላካፍል። ክርና ድንጋይ ይበቃል። ክሩን ከበሩ ጉበን አስሬ ድንጋዩን አንጠለጥላለሁ። ጥያቄው «ውዝዋዜውን ምን ያፈጥነዋል?» ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ከባድ ድንጋይ!» ይላል። እንሞክራለን። ትንሽ ድንጋይ፣ ትልቅ ድንጋይ፣ የክሩ ርዝመት ያው። አንድ ውዝዋዜ ለመለካት ስለሚያንስ፣ ጣታችንም ስልኩን ለመንካት ስለሚዘገይ አሥር ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ያለውን እንቆጥራለን። ሰዓቱ አንድ ዓይነት ይሆናል። ልጆቹ አያምኑም፤ እንደገና ይለካሉ። ከዚያ ክሩን እንለውጣለን። 1 ሜትር ሲሆን አሥሩ ውዝዋዜ 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ 25 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 10 ሰከንድ።

አምና አንድ ቡድን «መምህርት፣ ክብደት ይለውጠዋል» ብሎ ተሟገተኝ። ቁጥሮቻቸውም በእርግጥ ይለያያሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ግራ ገባኝ። ኋላ ሄጄ ሳይ ድንጋዮቹን አንዱን ከሌላው ሥር እያሰሩ ነበር የሚጨምሩት። ክብደት የጨመሩ መስሏቸው ርዝመቱንም እያስረዘሙ ነበር። ርዝመት የሚለካው እስከ ድንጋዩ መሐል ነውና። ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከተው፣ የከረጢቱን መሐል በዚያው ርዝመት አድርገው ሲደግሙት ልዩነቱ ጠፋ። ስህተቱን ያገኘችው ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ ነበረች። ያን ቀን አልረሳውም።


ጡረታ ላይ ያለ መምህር (አስኮ)
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡15

መምህርት፣ ክብር ይገባሻል።

ላብራቶሪ የለም ሲባል ሁልጊዜ የማነሳው የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነው። በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓድዋ ውስጥ የቢልሃርዚያን በሽታ እያጠኑ ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ዕድገቱን የሚቀጥለው በወንዝ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከዚያ ከፍ ባለው የወንዙ ክፍል ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ምልከታ ነው እንጂ ገና ማስረጃ አይደለም። ቀንድ አውጣዎቹ በሌላ ነገር ሞተው ሊሆን ይችላል፤ ውኃው ሞቆ፣ እድፉ በዝቶ። ስለዚህ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰበሰቡና አንዲት አጣቢ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ዓመታት የፈጀው የላብራቶሪ ሥራ የመጣው። በዚያው አቆጣጠር በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። መነሻው ግን ወንዝ ዳር፣ አንድ ዕቃ ውኃና ለዘመናት ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ተክል ነው።


የአራተኛ ክፍል እናት (ቱሉ ዲምቱ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀምጠን ጻፍን። ቃላቱ የእሷ ናቸው፤ እኔ ፊደል ብቻ ነው ያረምኩት።

«መላምቴ ብርሃን ያገኘው ይረዝማል የሚል ነበር። በ13ኛው ቀን የመስኮቱ 6፣ የቁም ሳጥኑ 17 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስለዚህ መላምቴ በቁመት አልተደገፈም። ነገር ግን የቁም ሳጥኑ ቢጫ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ቅጠሉ አልተዘረጋም። የመስኮቱ አረንጓዴ ነው፣ ስድስት ቅጠል አለው። ሙከራዬ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ምክንያቱም አፈሩ፣ ውኃውና ሙቀቱ የተለያየ ነበር። ባቄላውም አንድ አንድ ብቻ ነበር። እንደገና በአንድ አፈር፣ በእኩል ውኃ፣ አሥር አሥር ባቄላ ተክዬ እሞክራለሁ።»

መጨረሻ ላይ «ወረቀቱን ልቀይር ነበር» የሚል ልትጨምር ፈልጋ ነበር። ተይው አልኳት። ልክ አድርጌ ይሆን?


ጡረታ ላይ ያለ መምህር (አስኮ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

ልክ ነሽ። አልቀየረችውም እኮ።


የአራተኛ ክፍል እናት (ቱሉ ዲምቱ)
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11፡30

ትናንት አብሬያት ሄድኩ። መምህሯ ቆመው አነበቡት። ከ10 ሰባት ሰጧት፤ ሦስቱ የተቀነሰው ሙከራው ፍትሐዊ ስላልሆነ ነው፤ ያን ደግሞ ራሷ ጽፋዋለች። ከመላምቱ አጠገብ ኤክስ የለም። «ደግመሽ ሞክሪና አምጪ» የሚል በቀይ ተጽፎበታል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን «ደግመሽ ሞክሪ» የሚለውን ብቻ ነው የምታነበው።


ሁለት ልጅ የማስተምር አባት (ለገጣፎ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሰባቱ ያንሳታል፤ አሁንም እንዲህ ነው የማስበው። ነገር ግን አብረሻት በመሄድሽ ልጅቱ አልተጎዳችም፤ የፈራሁት እሱን ነበር። የእኔም ወንድ ልጅ ትናንት ማታ ይህን ውይይት ከእኔ ጋር አንብቦ ክርና ድንጋይ በሩ ላይ አስሯል። ከቤት ስንወጣ እየተጎነበስን ነው።


የአራተኛ ክፍል እናት (ቱሉ ዲምቱ)
ታኅሣሥ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ቃል ስለገባን ተመልሰናል። አፈሩን በአንድ ባልዲ አደባልቀን ለሃያ ኩባያ አከፋፈልን። ውኃው በየሁለት ቀኑ ለእያንዳንዱ አንድ የቡና ሲኒ ነበር። ሃያውንም ሳሎን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ አኖርን፤ አሥሩን በካርቶን ከደንን። ሙቀቱ ይለያይ እንደሆነ ለማወቅ ካርቶኑ ውስጥና ውጭ ቴርሞ ሜትር አስቀመጥን፤ ብዙም አልተለያየም።

ከካርቶኑ አንድ፣ ከውጭው ሁለት ባቄላ አልበቀሉም። ቆፍራ አወጣቻቸው፤ አንዱ ነቀዝ የበላው ነበር። ያልበቀሉትንም መዝግባለች። በ14ኛው ቀን የካርቶኑ አማካይ ቁመት 21 ሴንቲ ሜትር፣ የውጭው 8 ነበር። እስከ ዛሬ፣ 27ኛው ቀን ድረስ፣ ከካርቶኑ ዘጠኝ ቡቃያ ስድስቱ ወድቀዋል። የውጭዎቹ ስምንቱም ቆመዋል።

አሁን ደግሞ የወደቁትን ስድስቱን ፀሐይ ላይ ብናወጣቸው ይነሱ ይሆን ብላ ጠይቃኛለች። መላምቷን አልነገረችኝም፤ ደብተሯ ላይ ጽፋ አጥፋዋለች፤ ማለቴ ገጹን አጥፋ ሸፍናዋለች። የሰንዳፋው ባለሙያ፣ ምን ይላሉ?


የግብርና ባለሙያ (ሰንዳፋ)
ታኅሣሥ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡15

መልሱን አልነግራትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ስድስቱንም አታውጡ። ከወደቁት ስድስቱ ሦስቱ ይውጡ፣ ሦስቱ ካርቶኑ ውስጥ ይቆዩ፤ የሚወዳደሩበት ያስፈልጋቸዋል። የትኞቹ እንደሚወጡም ደኅና የሚመስሉትን መርጣ ሳይሆን በዕጣ ታድርገው።